አሥራ አራት ጠርሙስ ቲማቲም፦ የአንድ ደብረ ብርሃን ቤት ጓሮና ጓዳ

የመጀመሪያው ጠርሙስ የፈነዳው ሌሊት ነው። እህቴ ድመት ገብታ ዕቃ የጣለች መስሏት ተመልሳ ተኛች። ጠዋት ጓዳ ስትገባ ግድግዳው ቀይ ሆኗል። ክዳኑ የሽሮ ዕቃው ላይ ወድቋል። ቤቱ ኮምጣጣ ኮምጣጣ ይሸታል። ወዲያው ደወለችልኝ። «ቲማቲምህ ፈንድቷል» አለች። «ቲማቲማችን» አላለችም። ልክ ናት፤ ሐሳቡ የእኔ ነበር።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ቤት ነው። ከሰኔ እስከ ሰኔ አንድ ዓመት እየተመላለስኩ አይቻለሁ። እጄንም አስገብቻለሁ፤ አንዳንዱን ያበላሸሁትም እኔው ነኝ። ቤተሰቡ ስድስት ነው፤ እህቴ፣ መምህር የሆነው ባሏ፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ ከመንዝ መጥታ እነሱ ጋ እየኖረች የምትማር የባሏ የእህት ልጅ። ስም አልጠራም። እህቴን እንደ ልማዴ እትዬ፣ ባሏን ጋሼ እላለሁ። የሚኖሩት በአንድ መምህር ደመወዝና እትዬ አልፎ አልፎ በርበሬ አዘጋጅታ በምትሸጠው ነው። ቤቱ የራሳቸው አይደለም፤ ኪራይ ነው። ግን ከኋላው ጓሮ አለው፤ 9 ሜትር በ7 ሜትር። ከእነሱ በፊት የነበሩት ተከራዮች እንጨትና አሮጌ ጎማ ይከምሩበት ነበር።

ነገሩን የጀመረው ጋሼ ነው። ደብተር መያዝ ይወዳል። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ለሽንኩርት፣ ለቲማቲም፣ ለጎመንና ለድንች የወጣውን ሁሉ ጻፈና አንድ ቀን እራት ላይ አነበበው። ማንም ምንም አላለም። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም፤ እናንተ እስክታነቡት ዋጋው ተቀይሮ ታሪክ ይሆናል። ብቻ ከጤፍ ቀጥሎ የነበረው እሱ ነው። በማግስቱ ጎማዎቹ ወጡ።

ወደ ጓሮው ከመግባቴ በፊት ስለ ቦታው ትንሽ ልበል፤ የዚህ ቤት ታሪክ ግማሹ የቦታው ታሪክ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ያንኑ መንገድ ይዛችሁ ጣርማ በርን በዋሻው አልፋችሁ፣ ደብረ ሲናን ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ጃኬት ታወልቃላችሁ። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም አለ። እዚህ ገብስ፣ ባቄላና ብርድ ልብስ አለ። በመሃል ያለው መንገድ መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም። እኛ ግን በመጀመሪያው ክረምት ይህን ረስተን ሸዋ ሮቢትን ጓሯችን ውስጥ ልንተክል ሞከርን።

ሐሳባችን ሲሰሙት ጥሩ ይመስላል። ቲማቲም የሚወደደው በክረምት ነው፤ ዝናብ በሽታ ያመጣበታል፣ ከቆላ የሚመጣውም ይቀንሳል። ስለዚህ ውድ የሆነውን ራሳችን እንትከል አልን። የጓሮውን እኩሌታ ለቲማቲም ሰጠነው። ሐምሌና ነሐሴ በዝናቡ ቅጠሉ ቡናማ እየሆነ ተቸገረ። እየቆረጥን እየጣልን፣ በእንጨት እያቆምን መስከረምን አሻገርነው። መስከረም ላይ ፀሐይ ሲወጣ አንሰራራ። ፍሬው ተንዠረገገ፤ ሁሉም አረንጓዴ። እትዬ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። «በኅዳር ሚካኤል ቀይ ይሆናል» የሚል ጽፋበታለች።

በጥቅምት መጨረሻ አንድ ማታ ሰማዩ ጥርት አለ። ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ዳመና የሌለበት፣ ነፋስ የሌለበት፣ ኮከቡ የበዛበት ማታ። ዳመና እንደ ብርድ ልብስ ነው፤ ምድር ቀን የያዘችውን ሙቀት ሌሊት ያቆይላታል። ዳመና ከሌለ ሙቀቱ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ነጭ ሆኖ ተጋግሯል። ቲማቲሙ ፀሐይ እስኪነካው ድረስ ደህና ይመስል ነበር። ሦስት ሰዓት ላይ ቅጠሉ እንደ ተቀቀለ ጎመን ጠቁሮ ተንጠለጠለ። በተክሉ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሲሆን የቅጠሉን አካል ይቀድደዋል፤ ሲቀልጥ ቅጠሉ ይፈርሳል። ከቅጠል ሥር ተደብቀው የተረፉትን ፍሬዎች ለቅመን፣ በጋዜጣ ጠቅልለን ካርቶን ውስጥ አስቀመጥናቸው። የተወሰኑት ቀሉ። ውርጩ የነካቸው በሳምንቱ ፈሰሱ።

ከቲማቲሙ አንድ እርምጃ ርቆ የሀበሻ ጎመኑ ቆሟል፤ ምንም አልሆነም። አመዳዩ ሲቀልጥለት ቅጠሉን ቀና አድርጎ ቀጠለ።

ያን ጠዋት ጎረቤታቸው እማማ በአጥሩ በኩል አይተውን ነበር። ዕድሜያቸው ሰባ አልፏል፣ የመንዝ ሰው ናቸው። «ምነው ልጆቼ፣ ውርጭ የማይፈራውን ትታችሁ የሚፈራውን?» አሉ። ሌላ ነገር አላሉም። እኔ በሆዴ ትንሽ ተናደድኩ።

በሁለተኛው ዙር ጓሮው ተገለበጠ። ቲማቲም የነበረበት ቦታ ለብርዱ ደንታ ለሌላቸው ተሰጠ፤ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ነጭ ሽንኩርት። ከዚህ ሁሉ ቤቱን የመገበው ጎመኑ ነው። ሚስጥሩ አቆራረጡ ላይ ነው። እትዬ መጀመሪያ ላይ ሙሉ ተክሉን ነቅላ ትወስድ ነበር። በኋላ ከታች በኩል ያለውን ቅጠል ብቻ እየሸመጠጠች፣ ጫፉን እንዳለ መተው ጀመረች። አንዱ ተክል ለወራት ሰጠ። ከሠላሳ ግድም ተክሎች በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ጎመን ወጣ። ውርጭ ካገኘው በኋላ ደግሞ ይጣፍጣል፤ ይህ የአፍ ወሬ አይደለም። ብርድ ሲበረታ ጎመንና ካሮት በውስጣቸው ያለውን ስኳር ያበዛሉ፤ ራሳቸውን ከበረዶ የሚከላከሉት በሱ ነው።

ካሮቱን ነቅለው ለማስቀመጥ ሲያስቡ ጋሼ «ለምን? መሬቱ ራሱ ፍሪጅ ነው» አለ። እውነቱን ነው። ላዩን ጭድ አልብሰው እዚያው ተዉት፤ ሲያስፈልግ እየነቀሉ እስከ የካቲት በሉ። ፍሪጅ መግዛት ለማይችል ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ነጭ ሽንኩርቱ ጥሩ ነበር፤ በአንዱ ጥግ ላይ ግን ቅጠሉ ያለ ጊዜው ቢጫ ሆነ። ስንነቅለው ሥሩ ነጭ ሻጋታ ይዟል፤ ሻጋታው ላይ ከጎመን ዘር የሚያንሱ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች አሉ። እነዚህ አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ይቆያሉ። በዚያ ጥግ ሽንኩርት የሚባል ዘር፣ ቀይም ሆነ ነጭ፣ እንደገና አይተከልም። የታመመውንም ማዳበሪያ ክምሩ ውስጥ አልጨመርነውም፤ አቃጠልነው። ልጆቹ ጥጉ ላይ ድንጋይ አኑረው «የሽንኩርት መቃብር» አሉት።

ማዳበሪያን ካነሳሁ ሌላ አገር የማይነገር ችግር አለ። መጽሐፍ ሁሉ «የከብት ፍግ ጨምሩ» ይላል። ደብረ ብርሃን ላይ የከብት ፍግ ማገዶ ነው። ተጠፍጥፎ ኩበት ይሆናል፣ ይደርቃል፣ ይሸጣል፣ እንጀራ ይጋገርበታል። ኩበት ገዝቶ አፈር ላይ የሚበትን ሰው ገንዘብ እንደሚበትን ነው። መፍትሔው የበግ በጠጥ ሆነ። በግ የሚያረባ ጎረቤት ጉረኖውን ሲጠርግ ጋሼ በጆንያ ተቀበለው። በምትኩ ልጁን ሒሳብ ያስጠናዋል። የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የሻይ ቅጠል ተጨመረበት። አመድም በመጠኑ። አመድ ሲበዛ አፈሩን ያበላሸዋል፤ አንድ መደብ ላይ እትዬ በደግነት አብዝታ ቆስጣው ቀጨጨ።

ውሃው የዕቃ እጥበት ውሃ ነው። የመጀመሪያው፣ ሳሙና የበዛበት፣ ይደፋል። ሁለተኛው ወደ ጓሮ ይሄዳል፤ ቅጠል ላይ ሳይሆን ሥር ላይ።

አሁን ወደ ጠርሙሶቹ።

ታኅሣሥ ላይ የሸዋ ሮቢት መስኖ ቲማቲም ገባ። በየመንገዱ ዳር በሳጥን ተደርድሮ ነበር። በክረምት አንድ ኪሎ በሚገዛበት ዋጋ ብዙ ኪሎ ይመጣል። እኔ ደግሞ አንድ ቪዲዮ አይቼ ነበር። ሴትዮዋ ቲማቲም ፈጭታ፣ ጠርሙስ ውስጥ ሞልታ፣ ክዳኑን አጥብቃ፣ ትልቅ ድስት ውስጥ 20 ደቂቃ ቀቅላ «ዓመት ይቆያል» ትላለች። ሳጥን ገዛሁ። ከየዘመዱ የማርና የለውዝ ቅቤ ጠርሙስ ሰበሰብኩ። እትዬ «ተራ ቲማቲም ምን ይሠራል፣ ስልስ እናድርገው» አለች። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይት ገባበት። አሥራ አራት ጠርሙስ። መደርደሪያ ላይ ሲቆሙ እንዴት ያምሩ ነበር! ጎረቤት እየመጣ አየልን።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አንዱ ፈነዳ። የሌሎች አምስት ክዳን ወደ ላይ አበጠ። የቀሩት ስምንቱ ደህና ይመስላሉ። ክርክሩ የነበረው በእነዚህ ስምንቱ ላይ ነው። እትዬ «ደህናዎቹን እንብላቸው፣ ገንዘብ ነው» አለች። እኔ በዚያ መሃል ሳነብ ቆይቼ ስለነበር እምቢ አልኩ። ጥል ቀረሽ ክርክር ሆነ። ምክንያቱን በሰፊው እጽፈዋለሁ፤ ብዙ ሰው አሁንም እንደኔ ቪዲዮ እያየ ስለሚያደርገው።

መጀመሪያ ውሃው። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል የሚባለው ባሕር ዳርቻ ላይ ላለ ሰው ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ውሃውም ቀድሞ ይፈላል። በደብረ ብርሃን ከፍታ 91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ድስቱ ይንተከተካል፣ እንፋሎቱ ይወጣል፣ እሳቱን ብታበዙትም ከዚያ በላይ አይግልም። ስለዚህ የሴትዮዋ 20 ደቂቃ እዚህ 20 ደቂቃ አይደለም። ባቄላ እዚህ የማይበስለው ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይህ ሊገርመው አይገባም ነበር። እኔን ግን ገረመኝ።

ሁለተኛው ኮምጣጣነቱ ነው። አየር በሌለበት በታሸገ ምግብ ውስጥ የሚያድግ፣ መርዙ ነርቭ የሚያሽመደምድ ባክቴሪያ አለ፤ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው እሱ ነው። ዘሩ በፈላ ውሃ አይሞትም። እሱን ለመግደል 121 ዲግሪ ግድም ያስፈልጋል፤ ይህ በእንፋሎት ግፊት በሚሠራ ልዩ ድስት ብቻ የሚገኝ ነው። በጣም በኮመጠጠ ነገር ውስጥ ግን አያድግም። ቲማቲም ለብቻው ድንበሩ ላይ ነው፤ አንዳንዱ በቂ ኮምጣጣ ነው፣ አንዳንዱ አይደለም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ሲጨመርበት ደግሞ ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል። ስልስን በጠርሙስ ማሸግ ማለት ለዚህ ባክቴሪያ ቤት መሥራት ነው።

ሦስተኛውና ዋነኛው፦ መርዙ ምልክት የለውም። የፈነዳው ጠርሙስ ያፈነዳው ሌላ ተራ እርሾ ሊሆን ይችላል። ክዳኑ ያላበጠው፣ የማይሸተው፣ መልኩ ያልተቀየረው ግን ያንን መርዝ ሊይዝ ይችላል። «ቀምሼ ልየው» የሚባል ነገር የለም። የስምንቱም ስልስ ከቀሩት ጋር ጓሮ ጥግ፣ ራቅ ብሎ፣ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ተቀበረ። ጠርሙሶቹን በሳሙናና በበረኪና አጥበን ቀቀልናቸው። እትዬ ሁለት ቀን አላናገረችኝም።

በጠርሙስ ማስቀመጥ ፈጽሞ አይቻልም ማለቴ አይደለም። ሽንኩርትም ዘይትም የሌለበት ተራ ቲማቲም፣ በግማሽ ሊትር አንድ የሾርባ ማንኪያ ከፋብሪካ የታሸገ የሎሚ ጭማቂ ተጨምሮበት፣ ከ1,800 ሜትር በላይ ባለ ቦታ 50 ደቂቃ በፈላ ውሃ ውስጥ ቢቆይና ክዳኑ አዲስ፣ ለዚሁ ሥራ የተሠራ ቢሆን ይቻላል። የዛፍ ሎሚ ኮምጣጣነቱ ስለሚለያይ አያስተማምንም። አሁን ቁጠሩት፤ ክዳኑ፣ ጭማቂው፣ የ50 ደቂቃ ከሰል። ለእነ እትዬ ቤት ሒሳቡ አይወጣም።

ሒሳቡ የሚወጣው ከእማማ በኩል መጣ።

ጉድጓዱን ስንቆፍር እንደገና በአጥሩ አይተውናል። «ማን ሞተ?» አሉ። ነገርናቸው። ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ ሰማዩን በእጃቸው አሳዩኝ። «ይሄ ፀሐይ እያለልህ ምን እሳት አስነደደህ? ቋንጣውን ምን ያደርቀዋል? ድርቆሹን ምን ያደርቀዋል?»

እውነቱ አፍንጫችን ሥር ነበር። ከጥቅምት እስከ ጥር ቲማቲሙን የሚገድለው ያ ጥርት ያለ ሰማይ ነው። ያው ሰማይ ቀን ቀን ደረቅ አየርና የሚያቃጥል የደጋ ፀሐይ ይሰጣል። ዝንቡም ከቆላው ያነሰ ነው። እትዬ የተረፈ እንጀራ ቆራርጣ ሰፌድ ላይ ዘርግታ ድርቆሽ ስታደርግ ኖራለች። የገብስ እንጀራ በሦስተኛው ቀን ይደርቃል፣ ልጆቹ አይበሉትም፤ ድርቆሽ ሆኖ በፍርፍር መልክ ሲመጣ ይሻሙበታል። ስለ ድርቆሽ አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ የሻገተ እንጀራ አይደርቅም። ሻጋታ በፀሐይ አይጸዳም።

በጥር መጨረሻ ሁለተኛ ሳጥን ቲማቲም ተገዛ። ይህን የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ዕዳዬ ነበር። 22 ኪሎ። አነስ አነስ አድርገን ቆረጥነው። ትንሽ ጨው ነሰነስንበት። የድሮ የሽቦ አልጋ ላይ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፈን ደረደርነው፤ ከላይ አሮጌ ነጠላ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ቤት ይገባል፤ ሌሊት ውጭ ካደረ አመዳዩ መልሶ ያረጥበዋል። ልጆቹ ተራ ገቡ። አንድ ቀን ተራው የደረሰው ኳስ ጨዋታ ሄዶ ረሳው፤ ያ ቀን እንደ ባከነ ነው። በስድስተኛው ቀን እንደ ቆዳ ሆነ፤ ሲታጠፍ አይሰበርም፣ ሲጨመቅ ውሃ አያወጣም።

22 ኪሎው ከአንድ ኪሎ ተኩል ብዙም አልበለጠም። እትዬ አየችውና «በቃ? ይሄው ነው?» አለች። ቲማቲም ከመቶው ዘጠና አራት እጁ ውሃ ነው፤ የሚጠፋው ውሃው ነው። በነዚያው በታጠቡት ጠርሙሶች ገባ። ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ጠርሙሱን ትነቀንቅ ነበር። ውስጡ ላይ ላብ ካየች አውጥታ እንደገና ፀሐይ ላይ ታሰጣለች። ሁለቱ ጠርሙሶች አላባቸው፤ ተመለሱ።

እሱ ምን እንደሚሠራ ያየነው ሐምሌ ላይ ነው። አንድ እፍኝ ሞቅ ባለ ውሃ ዘፍዝፋ፣ ፈጭታ፣ ሽንኩርቱ ላይ ትጨምረዋለች። ጣዕሙ ከትኩሱ ይለያል፤ ይበረታል፣ ጣፈጥ ይላል። ግማሹን ወቅጣ ዱቄት አድርጋው ነበር፤ እዚያ ላይ ተሳስታለች። የክረምቱ ጉም ወደ ጠርሙሱ ገባ፣ ዱቄቱ ድንጋይ ሆነ፣ አንዱ ሻግቶ ተጣለ። ዘንድሮ ዱቄት የሚደረገው የሳምንቱ ብቻ ነው። ዘይት ውስጥ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ማስቀመጥም አይታሰብም፤ ያ ወደ ጠርሙሱ ታሪክ ይመልሰናል።

እማማ በዚህ አላቆሙም። በዐቢይ ጾም መግቢያ ስልጆ አስተማሯት። እትዬ ስልጆ በልታ ታውቃለች፤ ሠርታ አታውቅም። ሱፉ ይታመሳል፣ ይወቀጣል፣ በውሃ ተመትቶ ወተት መሳዩ ይጠለላል። የባቄላ ዱቄት በሱ ላይ እየተማሰለ ወፈር እስኪል ይበስላል። ሲቀዘቅዝ የተፈጨ ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ጤና አዳም ይገባበታል። ማሰሮው ተከድኖ ለቀናት ይብላላል፤ በየቀኑ ይማሰላል። ደብረ ብርሃን ብርድ ስለሆነ ቀኑ ይረዝማል፤ የእትዬ ማሰሮ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ስድስት ቀን ፈጀ። «አፍንጫህን ሲነዝርህ ደርሷል» ይላሉ እማማ። መለኪያቸው ይሄ ነው፤ የሠራው ግን ኮምጣጣነቱ ነው። ለጠርሙሴ የጎደለው ነገር፣ እሳቸው ሳያስሉት፣ ማሰሮው ውስጥ ነበር። በሁዳዴ ለስድስት ሰው እንጀራ ማባያ ሆነ። ባቄላው የመንዝ ነው፣ ከጋሼ ቤተሰብ የመጣ፤ የተገዛው ሱፉ ብቻ ነው።

ስለ ማገዶ አንድ ነገር። ውሃ በ91 ዲግሪ በሚፈላበት አገር ጥሬ ባቄላ ወይም አተር ሙሉውን መቀቀል ከሰል መብላት ነው። ሽሮ ይህን ችግር ከድሮ ጀምሮ ፈትቶታል፤ ተፈጭቶ የገባ ነገር ቶሎ ይበስላል። ንፍሮ ግን ሙሉውን ነው። እትዬ አሁን ማታ ትዘፈዝፋለች፣ ጠዋት ግማሽ ሰዓት ታንተከትካለች፣ ከዚያ ድስቱን ከነክዳኑ በአሮጌ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ጠቅልላ ካርቶን ውስጥ ትከተዋለች። እኩለ ቀን ላይ ልጆቹ ሲመጡ ለስልሷል፣ ሞቅ ብሎ ይጠብቃቸዋል። ካልለሰለሰ ትንሽ ታሞቀዋለች። ከእኩለ ቀን አልፎ እስከ ማታ ግን አታስቀምጠውም፤ ለብ ያለ ምግብ ይበላሻል።

ድንቹን በአጭሩ። ጉዳኔ የሚባለውን ዘር ከሚያውቁት ገበሬ አምጥተው ሁለት መደብ ተከሉ፤ ከውርጭ በፊት ተነቀለ። መጀመሪያ መስኮት አጠገብ አስቀመጡት፤ አረንጓዴ ሆነ። አረንጓዴው ድንች መራራና መርዛም ነው፤ ስድስት ኪሎ ያህል ተጣለ። የተረፈው በአልጋ ሥር፣ ጨለማ ውስጥ፣ ጆንያ ለብሶ እስከ ጥር ቆየ።

ጋሼ በሰኔ ደብተሩን ዘጋ። ጎመን ከኅዳር እስከ ሰኔ አልተገዛም፤ ሁለት ጊዜ ብቻ፣ እንግዳ የበዛ ዕለት። ካሮትና ቀይ ሥር ለአምስት ወር አልተገዛም። ነጭ ሽንኩርት ለግማሽ ዓመት በቃ። ቀይ ሽንኩርት እንደ ድሮው ነው፤ ጓሮው ምንም አልቀነሰለትም። ዘይትና ጤፍም እንደ ድሮው። በገንዘብ ሲደመር ለአንዱ ልጅ ደብተርና ጫማ የሚበቃ ነበር። ጋሼ ይህን ሲናገር ደስ ብሎት ነው። እትዬ ግን «የኔስ ቀን? እሱንም ጻፍበት» አለችው። የቆረጠችው፣ ያሰጣችው፣ ያስገባችው፣ የነቀነቀችው፣ የዘፈዘፈችው ሰዓት በየትኛውም ዓምድ አልተጻፈም። ስለ ቁጠባ የሚጻፍ ነገር ሁሉ ይህን ይረሳል። ጋሼ አንድ ዓምድ ጨመረ። በሱ መሠረት የሽቦ አልጋው አሁን የወንዶቹ ልጆችና የሱ ሥራ ነው፤ ማታ ማስገባቱን ጨምሮ። ኳስ ጨዋታ ሰበብ አይሆንም።

አልፈታ ያለም አለ። ጓሮው የአከራይ ነው። አፈሩ ሦስት ዓመት ተለፍቶበት «ልቀቁ» ሊባሉ ይችላሉ። ለዚህ መልስ የለኝም። ብቻ እትዬ ዘንድሮ የጎመን ዘር በጨርቅ ቋጥራ አስቀምጣለች። ሁለት ተክል አስዘርታ ራሷ ነው የለቀመችው። የትም ብትሄድ ይሄዳል።

ቲማቲም አይተከልም ተብሎ ነበር። ትንሹ ልጅ ግን ሰኔ ላይ በአሮጌ የቀለም ባልዲ አንዷን ተከላት። ቀን ደጅ ትቆማለች፣ ማታ ቤት ትገባለች። አሁን ጥቅምት ነው፤ አራት ፍሬ ይዛለች፣ አንዱ ቀልቷል። ትናንት ማታ ሰማዩ ጥርት ሲል ለእትዬ ደወልኩላት። ቶሎ አላነሳችም። ባልዲውን እያስገባች ነበር።